ዳኛው የየት አገር ልጅ ነው?

ደብረ ታቦር ላይ የፋሲል ከነማ ጨዋታ በደረሰ ቁጥር ከአሰላለፉ ቀድሞ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ «ማን ነው የሚያጫውተው?» ስሙ ሲነገር ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «የየት አገር ልጅ ነው?» ፊሽካው ሳይነፋ ዳኛው በስሙ፣ በአባቱ ስምና በትውልድ ቦታው ተመዝኖ አልቋል። ካሸነፍን ማንም አያስታውሰውም። ከተሸነፍን ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚነሳው የእሱ ስም ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። መቀሌም ይጠየቃል፣ ሐዋሳም ይጠየቃል፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በሚባለው መቀመጫ የተቀመጠውም ይጠይቃል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ መልኩን እየቀያየረ የኖረ ክርክር ነው። ዳኛ ያዳላል ወይ? ቢያዳላ ለማን ነው? መድኃኒቱስ ሜዳውን መቀየር ነው፣ ሰውየውን መቀየር ነው ወይስ ሌላ? እኔ የፋሲል ደጋፊ ነኝ፤ አንባቢ ይህንን አስቀድሞ ይወቅልኝና የምለውን በዚያው ልክ ይመዝነው።

ደብረ ታቦር የተቀመጠችበት ቦታ ራሱ ለደጋፊ አያመችም። ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ሰሜን ጎንደር ይወጣል፤ ሌላው ወደ ደቡብ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ሦስተኛው ወደ ምሥራቅ ደብረ ታቦርን አቋርጦ፣ የጉናን ተራራ ተጠግቶ፣ በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ ይደርሳል። የሦስቱም መንገዶች ጫፍ በተለያዩ ዓመታት የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ነበረው። ፋሲል በ2009 ወደ ሊጉ ተመለሰ፤ ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ተቀላቀለ፤ ወልድያም ገብቶ ወጥቷል። ስለዚህ በአንድ ቤት አባት አፄዎቹን (ፋሲልን)፣ ልጅ የጣና ሞገዶቹን (ባሕር ዳርን) ሲደግፉ ማየት ብርቅ አይደለም። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየክልሉ የተመደቡ ተማሪዎችን ይዞ የጊዮርጊስንና የቡናን ክርክር ጭምር አምጥቶልናል።

ብዙ ሰው የዳኛ ጥርጣሬ ከብሔር ፖለቲካ ጋር አብሮ የመጣ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ስፖርቱም በዘር ተለይቶ ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙ ተቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሏል። ከነፃነት በኋላ በ1936 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲዘጋጅ የተሰለፉት በአብዛኛው የማኅበረሰብ ቡድኖች ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከእነርሱም ጋር የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቡድኖቹ በወገን በተሰለፉበት ሜዳ ላይ ዳኛውም በወገኑ መታየቱ አይቀርም። የእኛ እግር ኳስ ከጥንስሱ ይህን ይዞ የተነሳ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዋናው ጥርጣሬ ሌላ ነበር፤ የአዲስ አበባ ክለቦችና የክፍለ ሀገር ክለቦች ጉዳይ። ዳኛውም፣ ፌዴሬሽኑም፣ ጋዜጠኛውም አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ትልቁ ክለብ ሲከስና የክፍለ ሀገሩ ክለብ ሲከስ እኩል አይሰማም የሚል ቅሬታ ነው። ቅሬታው መሠረት አልባ አልነበረም፤ ግን በዘር ሳይሆን በቅርበት ነበር የሚገለጸው።

መልኩ የተለወጠው በ2009 እና በ2010 አካባቢ ነው። የክልል ክለቦች በዝተው ሊጉን ሲሞሉ፣ አገሪቱም በተቃውሞና በግጭት ስትናጥ፣ ጨዋታው የክልል ጉዳይ ሆነ። በኅዳር 2010 ወልድያና መቀሌ ሊጫወቱ በነበረበት ጊዜ ወልድያ ከተማ ውስጥ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጓቸው ጨዋታዎች ይተላለፉ፣ ወደ ሌላ ከተማም ይዛወሩ ጀመር። «ገለልተኛ ሜዳ» የሚለው ቃል የሁላችን አፍ ላይ የገባው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የሆነው ነገር ከኢትዮጵያ አልፎ በዓለም ሁሉ ታየ። መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ እየተጫወቱ ዳኛ ኢያሱ ፈንቴ ለመከላከያ ጎል አጸደቁ። የወልዋሎ ሰዎች ውሳኔውን ተቃውመው ዳኛውን ሜዳው ላይ አሳደዷቸው፤ መቷቸውም። ፌዴሬሽኑ ሊጉን ለጊዜው አቋረጠ። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ «እንዴት ዳኛ ይመታል» አለ። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጨምር። ይህ የሆነው በዋና ከተማው ነው፤ የፌዴሬሽኑ አፍንጫ ሥር፣ ከየትኛውም የክልል ከተማ ሜዳ በተሻለ ጥበቃ ባለበት ቦታ። ሜዳው መቀየሩ ብቻ ዳኛን አያድንም ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በ2011 ዋንጫው እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ተንጠልጥሎ ቆየ። ፋሲል ከስሑል ሽረ ጋር ነጥብ ተጋራ፤ መቀሌ 70 እንደርታ ዋንጫውን ወሰደ። ደብረ ታቦር ላይ ያን ዕለት ማታ የነበረውን ወሬ መተረክ አያስፈልገኝም፤ የሚገምተው ይገምተዋል። የሚገርመው መቀሌ ውስጥ ያለው ደጋፊም ዓመቱን ሙሉ ፌዴሬሽኑና ዳኛው በእሱ ላይ እንዳደሙበት እያመነ መክረሙ ነው። ሁለታችንም በአንድ ሊግ፣ በአንድ የዳኞች ኮሚቴ፣ በአንድ ዓመት ተበድለናል ብለን ነበር።

እዚህ ላይ የሚረዳን አንድ አሜሪካዊ ጥናት አለ። በ1951 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተንና የዳርትመዝ ዩኒቨርሲቲዎች በአሜሪካ እግር ኳስ ተገናኝተው ጨዋታው በጉዳትና በጠብ ተሞላ። ሃስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ያንኑ የጨዋታውን ፊልም አሳይተው ጥፋት እንዲቆጥሩ አደረጉ። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትመዝ ላይ የቆጠሩት ጥፋት የዳርትመዝ ልጆች በራሳቸው ቡድን ላይ ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፊልሙ አንድ ነው። ማንም እየዋሸ አልነበረም፤ ያዩትን ነው የጻፉት።

ይህን ለማመን አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ፋሲልና ባሕር ዳር ሲገናኙ ደብረ ታቦር ውስጥ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ይበቃል። አግዳሚ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ የመግቢያ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ። ፋሲሎች በአንድ ወገን፣ ባሕር ዳሮች በሌላው፤ እንዲህ ተቀመጡ ያላቸው የለም። አጥቂው ሳጥን ውስጥ ሲወድቅ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ «ፍጹም ቅጣት ምት ነው!» እና «ራሱን ነው የጣለው!» ከዚያ ቤቱ ዝም ይላል፤ ሪፕሌይ ይጠበቃል። ሪፕሌዩ ይመጣል። ያው ሁለት ድምፅ፣ አሁን ማስረጃ ያገኘ መስሎት፣ ከበፊቱ ብሶ ይጮኻል። «እግሩን ነው ያገኘው፣ አላየህም?» «ኧረ ኳሷን ነው! አንተ ዓይንህን ታከም!» የሻይ ብርጭቆ የያዘችው ልጅ በመሃል እያለፈች ትስቃለች።

ሁለቱም ክለቦች ከአማራ ክልል ስለሆኑ የዳኛው ብሔር በዚህ ጨዋታ ላይ አያገለግልም። ታዲያ ጥርጣሬው ይቀራል? አይቀርም፤ ድንበሩን ያጠባል። «ጎንደሬ ነው ጎጃሜ?» ይሆናል። የአዲስ አበባዎቹ ጊዮርጊስና ቡና በሸገር ደርቢ ሲገናኙ ደግሞ ነገሩ ወደ ገንዘብና ወደ ክለቡ ትልቅነት ይዞራል። ለዚህ ነው «የየት አገር ልጅ ነው» የሚለው ጥያቄ መልስ ቢያገኝም የማያልቀው።

ታዲያ ዳኛ ፈጽሞ አያዳላም ማለቴ ነው? አይደለም። ዳኛ ያዳላል፤ ግን በአብዛኛው እኛ በምናስበው መንገድ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 40 ብቁ ዳኞች የሊቨርፑልንና የሌስተርን ጨዋታ በቪዲዮ እያዩ እንዲዳኙ ተደረገ። ግማሾቹ የተመልካቹን ጩኸት እየሰሙ፣ ግማሾቹ ድምፁ ተዘግቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የነፉት ጥፋት ካልሰሙት በ15 በመቶ ያነሰ ነበር። ገንዘብ የሰጣቸው የለም፤ የሊቨርፑል ልጆችም አልነበሩም። ጆሯቸው ብቻ ነው። በስፔን ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የባከነ ሰዓት ጭማሪን ቆጠሩ። ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ ዳኛው ወደ 2 ደቂቃ ግድም ይጨምራል፤ በአንድ ጎል ሲመራበት ግን ወደ 4 ደቂቃ ይጠጋል። በኮሮና ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ስታዲየሞች ባዶ ሲሆኑ እንግዳው ቡድን የሚያየው ቢጫ ካርድ ቀነሰ።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዘን ወደ እኛ ስንመለስ ክለቦች በየሜዳቸው ይጫወቱበት የነበረው የደርሶ መልሱ ዘመን ይገባናል። ዳኛው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባለሜዳው ከተማ ይሄዳል፣ እዚያው ሆቴል ያድራል፣ ጠዋት ቁርስ የሚበላበት ቤት የባለሜዳው ማልያ የለበሰ ሰው ሞልቶታል። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ፊት ይቆማል። «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ዝማሬ ከጀመረ ከዚያ ሜዳ የሚያወጣው የዚያው ከተማ ፖሊስ ነው። ይህን ሰው ተገዝቷል ብሎ ለመጠርጠር መቸኮል አያስፈልግም። 90ኛው ደቂቃ ላይ አጠራጣሪ ኳስ ሲመጣ እጁ ወዴት እንደሚያመለክት ለመገመት ሰው መሆን ይበቃል። ጎንደር ላይ ፋሲለደስ ስታዲየም ሞልቶ ሲጮህ እኛም ይህን እናውቅ ነበር፤ የምንጮኸውም ለዚሁ ነበር። ስለ እንግዳ ሜዳ ስንናደድ የራሳችንን ሜዳ ጩኸት ግን «ድባብ» እንለዋለን።

ይህ ጭቅጭቅ የእግር ኳስ ብቻ አይደለም። ክሪኬት ለእኛ ባዕድ ነው፤ ኳስና ዱላ ያለው፣ አንዱ ጨዋታ አምስት ቀን የሚፈጅ የእንግሊዞች ስፖርት እንደሆነ ከማወቅ አንዘልም። ግን በገለልተኛ ዳኛ ጉዳይ ከክሪኬት ሰዎች በላይ የተጨቃጨቀ የለም። ከ1877 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ አገሮች ሲጫወቱ ዳኞቹ የአስተናጋጁ አገር ሰዎች ነበሩ። እንግሊዝ ፓኪስታን ስትሄድ የፓኪስታን ዳኛ ይበድለኛል ትላለች፤ ፓኪስታንም እንግሊዝ ስትሄድ ያንኑ ትላለች። በ1987 እ.ኤ.አ. ፋይሰላባድ ላይ የእንግሊዙ አምበል ማይክ ጋቲንግና ፓኪስታናዊው ዳኛ ሻኩር ራና ሜዳ መሃል ጣት ተቀሳስረው ተሰዳደቡ፤ ይቅርታ ካልተጠየቅሁ አላጫውትም ተባለና አንድ ሙሉ ቀን ያለ ጨዋታ አለፈ። ፓኪስታኖች ራሳቸው ከዚያ በፊት በ1986 እ.ኤ.አ. ዌስት ኢንዲስን ሲያስተናግዱ ከሕንድ ዳኞች አስመጥተው ነበር። የፓኪስታኑ አምበል ኢምራን ኻን፣ ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ የዚህ ሐሳብ ዋና ተሟጋች ነው። ባለሜዳው ራሱ «ዳኛዬን አልፈልግም» ሲል እስቲ አስቡት። በ1994 እ.ኤ.አ. ከሁለቱ ዳኞች አንዱ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ከሦስተኛ አገር እንዲሆኑ ተደነገገ።

የታሪኩ ትልቁ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ጉዞ ሲያግድ ክሪኬት ወደ አገር ቤት ዳኞች ተመለሰ፤ ያ የቀድሞው ጠብ ግን እንዳለ አልተመለሰም። ምክንያቱም በመሃሉ ቡድኖች የዳኛን ውሳኔ በምስል እንዲታይ የመጠየቅ መብት አግኝተው ነበር፤ በኮሮና ጊዜም የሚፈቀደው ጥያቄ በአንድ ተጨመረ። የዳኛው ዜግነት ዋና ጉዳይ መሆኑ የቀነሰው ውሳኔው የሚፈተሽበት መንገድ ሲገኝ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ሰው ሲቀያይሩ ኖረው መፍትሔውን ያገኙት በአሠራሩ ነው።

እኛስ? እኛ ወደ ሜዳ ነው የሄድነው። በ2012 ሊጉ በኮሮና ተቋረጠ። በ2013 ሲቀጥል በአክሲዮን ማኅበር የሚመራ፣ በሱፐርስፖርት የሚተላለፍ፣ ክለቦቹም ሁሉ ተሰብስበው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱበት ሊግ ሆነ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በጦርነቱ ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ወጥተው 13 ክለቦች ነበሩ። ያን ዓመት በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ፋሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ በላ። የራሱን ሜዳ አንድ ቀን ሳይረግጥ! ጎንደር አስተናጋጅ አልነበረችም። በሜዳውና በጩኸቱ ነው የሚያሸንፈው ሲሉ ለነበሩት ጥሩ መልስ ነበር፤ እኛም ይህንን ከመናገር አልቦዘንንም።

ግን ሁለት ነገር ተከተለ። የመጀመሪያው፣ ደጋፊው ሜዳውን አጣ። ከደብረ ታቦር ማለዳ ተነስቶ፣ ወረታ ላይ ሌላ መኪና ይዞ፣ አዲስ ዘመንን አልፎ ጎንደር ደርሶ ጨዋታ ማየት ቀረ። ባሕር ዳር አስተናጋጅ በሆነችበት ሰሞን ፎገራን አቋርጦ መሄድ ይቻል ነበር፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ግን መንገዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ሆነ። ፍትሐዊ ጨዋታ የተገኘው የደጋፊው መቀመጫ ተሽጦ ነው ብል አላጋነንኩም። ዳኛው ጩኸት እንዳያስፈራው ጩኸቱን ማስቀረት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ግን ያለ ጩኸት ክለብ ምን ገቢ አለው፣ ልጆችስ ማንን አይተው ኳስ ይወዳሉ?

ሁለተኛው ብዙ ያልተወራለት ነው። ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲመጣ ሪፕሌይ አብሮ መጣ። ሊጉ ግን በእነዚያ ዓመታት ያለ ቪኤአር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛ) ነው የተካሄደው። ስለዚህ ደብረ ታቦር ሻይ እየጠጣ የተቀመጠው ሰው ያንን ኳስ ሦስት ጊዜ አቀዝቅዞ ያያል፤ አዲስ አበባ ያለውም ያያል፤ አሠልጣኙም በስልኩ ያያል። ማየት የማይችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚወስነው። ዓይን በሚርገበገብበት ፍጥነት ያየውን ይነፋል፤ በጨዋታው ሕግ ከጨዋታው ጋር በተያያዙ ጉዳዮች የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። የእግር ኳስ ዳኛ ከዚህ በፊት የሚሳሳተው ከሁላችን ጋር አብሮ ነበር፤ አሁን የሚሳሳተው ብቻውን ነው። ጥርጣሬው ከሜዳ ለውጡ በኋላ ያልቀነሰው ለዚህ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ፣ ብሔራዊ ቡድናችንም ለዓመታት ገለልተኛ ሜዳ ላይ ነው «ባለሜዳ» የሆነው፤ በራሱ ምርጫ ግን አይደለም። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ አስተናገዱ። በሰኔ 2014 ደግሞ ግብፅን ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ አስተናግደው 2 ለ 0 አሸነፉ። ስለ ባለሜዳ ጥቅም የሚጽፍ ሰው ያንን ውጤት የት እንደሚያስቀምጠው አላውቅም።

ስለ ዳኛ ስናወራ የምንረሳው ሌላም ጉዳይ አለ፤ የቢሮው። በ2005 ዋልያዎቹ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በሚደረገው ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ኋላ ሲታይ ሁለት ቢጫ የነበረው፣ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል። ፊፋ ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 አደረገው፤ 3 ነጥባችን ሄደ። ዳኛ አልበደለንም፤ የሌላ አገር ሴራም አልነበረም። ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው። ቡድኑ እንደምንም ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ዙር ደረሰ እንጂ ያ የቢሮ ስሕተት ሁሉንም ነገር ያስቀር ነበር። ያን ሰሞን «የየት አገር ልጅ ነው» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዳኞቻችንን በጅምላ ለመናቅም የሚያበቃ ነገር የለም። የወንዶች ብሔራዊ ቡድናችን ረግጦት በማያውቀው የዓለም ዋንጫ ላይ ዳኞቻችን ቆመዋል። ስዩም ታረቀኝ በ1970 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ዳኝተዋል። ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት 36 ዋና ዳኞች አንዱ ነበሩ። የጅማዋ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ፊሽካ ይዘዋል። ውጭ ሲሄዱ የተመሰገኑት እነዚሁ ሰዎች አገር ቤት ሲያጫውቱ «ሌባ» ይባላሉ። ልዩነቱ የሰውየው አይደለም፤ የሚሠራበት ቤት ነው። እዚያ ተመልካች ገምጋሚ አለ፣ የተቀረጸ ውሳኔ አለ፣ ደካማ ያጫወተ ለሚቀጥለው ዙር አይመደብም፤ ያ መሆኑም ለሁሉ ይታያል።

የእኛ አገር ሰው ያለ ዳኛ መጫወት አያውቅም እንዳይባል ደግሞ የገና ጨዋታ አለ። ታኅሣሥ ላይ እህል ከማሳ ሲነሳ፣ በፋርታም ሆነ በጋይንት ሜዳው ባዶ ሲሆን፣ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩሯን እየመታ ወደ ተቃራኒው ግብ የሚነዳ ሕዝብ ይወጣል። ፊሽካ የለም፣ ቁጥሩ የተወሰነ ተጫዋች የለም፣ የባከነ ሰዓት የሚጨምር የለም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው ከልብ ነበር፤ ባላባቱ በአሽከሩ ዱላ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታ በማግስቱ ሊበቀል አይችልም። ይህን ሳወራ ድሮ ሁሉ ሰላም ነበር ለማለት አይደለም። እግር ይሰበር፣ ግንባር ይፈነከት ነበር፤ ተሸናፊውም እስኪበቃው ይሰደብ ነበር። ግን ማን ከማን ወገን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ ሜዳው ላይ የቆመው ሁሉ እኩል ያውቅ ነበር። ዛሬ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና የተጻፈ ደንብና ዳኛ አበጅቶለታል፤ ከዳኛው ጋር ክርክሩም እንደመጣ እገምታለሁ።

ለዚህ ሁሉ የሚመስለኝን ነገር ከዚሁ ከጋይንት ላምጣ። ቤተልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ምስክር ቤት ናት። ከየትም አገር ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ቤተልሔም ወርዶ ይመሰክራል። የጎጃሙም፣ የወሎውም፣ የትግሬውም ሊቅ የቤተልሔሙን መምህር ቃል ይቀበላል። መምህሩ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ጠይቆ አይደለም የሚቀበለው፤ መጽሐፉ እፊታቸው ተዘርግቷል፣ የዜማው ምልክት ይታያል፣ ተማሪው የት ላይ እንደሳተ ተቀምጦ የሚሰማው ሁሉ ያውቃል። የእግር ኳሳችን ዳኞች ኮሚቴ የጎደለው ይህ ነው። ዳኛ ሲመደብ ለምን እሱ እንደተመደበ አይነገርም። የጨዋታው ኮሚሽነር ሪፖርት ይጽፋል፤ ክለቡ እንጂ ደጋፊው አያነበውም። አንድ ዳኛ ከባድ ስሕተት ሠርቶ ሲቀጣ ቅጣቱ በወሬ ነው የሚደርሰን፤ ስሕተቱ ምን እንደነበር፣ ሕጉስ ምን እንደሚል አይብራራም። የማይታይ ነገር ደግሞ በግምት ይሞላል፤ በዚህ አገር ግምቱ የሚጀምረው ከአባት ስም ነው።

ቪኤአር ይምጣ ማለት ቀላል ነው፤ ካሜራው፣ ክፍሉ፣ የሠለጠነው ሰው ገንዘብ ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ገጽ ጽፎ «በዚህ ጨዋታ በዚህ ደቂቃ የተሰጠው ውሳኔ ትክክል አልነበረም፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ ማውጣት ግን ብዙ አያስወጣም። ሌላ አገር ያሉ ሊጎች ያደርጉታል። የሚያስፈራው ወጪው ሳይሆን ስሕተትን በአደባባይ ማመን ይመስለኛል። ባለሥልጣናቱ ዳኛውን እንጠብቃለን ብለው ዝም ሲሉ ዳኛውን ለሐሜት አሳልፈው እየሰጡት ነው።

በሌላ በኩል ደጋፊው ንጹሕ ነው ብዬ ላልፍ አልችልም። ስፖርታዊ ጨዋነት የሚል ባነር በየስታዲየሙ ተሰቅሎ አይተናል፤ ባነሩ ሥር የሚባለውንም ሰምተናል። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን እግር ኳስ ሲመሩ ደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾቿን በቆዳ ቀለም እስከለየች ድረስ በር እንዳይከፈትላት የታገሉ ሰው ናቸው። ክሪኬትም ያንኑ አገር ከ1970 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ዘግቶበት ነበር። አገራቸው በዚያ ትግል ከፊት ተሰልፋ፣ ዛሬ የእኛ ሰው የገዛ ወገኑን ዳኛ በዘሩ መመዘኑ በየትኛው ቋንቋ እንደሚገለጽ አላውቅም።

መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ በ2017 ወደ ሊጉ ተመልሰዋል፤ ሊጉም 19 ክለብ ሆኖ ነበር። ፋሲልና መቀሌ እንደገና ተገናኝተዋል፤ ግን በሦስተኛ ከተማ። ወደ ደርሶ መልስ እንመለስ የሚለው ጥያቄ በየክረምቱ ይነሳል፤ ክለቦች ለገቢያቸው፣ ደጋፊዎች ለሜዳቸው ሲሉ። አንድ ቀን ይሆናል፤ መሆንም አለበት። ያን ጊዜ ፋሲል መቀሌን ጎንደር ላይ ያስተናግዳል፣ መቀሌም ፋሲልን መቀሌ ላይ። ከዚያ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ፤ ዳኛው በምን መስፈርት እንደሚመደብ ተጽፎ ይውጣ፣ የኮሚሽነሩ ሪፖርት ለሕዝብ ይነበብ፣ ዳኛውን ከሆቴሉ እስከ አውሮፕላኑ የሚያጅበው ማን እንደሆነ ክለቦቹ አስቀድመው ይፈራረሙበት። እነዚህ ካልተደረጉ ደብረ ታቦር ላይ ከአሰላለፉ በፊት የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ከወዲሁ ልነግራችሁ እችላለሁ።